ስንት ማንኪያ? ኮሌስትሮልን «ከጓሮ ስለ መጥረግ» ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት እናት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገቡ። ከቅዳሜ ገበያ ሲመለሱ ነው፤ ከዘንቢላቸው አፍ ላይ ተልባ፣ ነጭ ሽንኩርትና አብሽ ይታያል። እኚህ እናት ከሦስት ዓመት በፊት ደረታቸውን ጨምድዶ ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ናቸው። በየወሩ የሚወስዱትን የኮሌስትሮል ክኒን ላወጣላቸው እጄን ስዘረጋ «ተወው የኔ ልጅ፤ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» አሉና ስልካቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉልኝ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከችላቸው ጽሑፍ ነበር። እኔም በዚያው ሳምንት ከሦስት ሰዎች ደርሶኛል።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ቅን ሰው ይመስለኛል። የሚሸጠው ዱቄት የለውም፤ ደውሉልኝም አላለም። በዚህ ዘመን ይህ ብቻውን ያስመሰግነዋል። ሐሳቡን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ዕፅዋት ኮሌስትሮል ስለሌላቸው ከዕፅዋት የተገኘ ምግብና ዘይት ሁሉ ለልብ ደኅና ነው ይላል። በዕፅዋት ውስጥ ያሉት ስቴሮልና ሳፖኒን ደም ውስጥ ገብተው የደም ሥርን ግድግዳ እንደ ሳሙና ያጥባሉ ይላል። ለ21 ቀናት በባዶ ሆድ የተዋጠ ነጭ ሽንኩርት የተደፈነ የደም ሥር ይከፍታል። ክኒን ኬሚካል ነው፤ ተክል ግን ተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም። አባቶቻችን ቅቤ እየበሉ የልብ ሕመም አያውቁም ነበር። ስለዚህ ክኒኑን ጣሉት።

እስከ «ስለዚህ» ድረስ ካለው ውስጥ እውነት የሌለበት ዐረፍተ ነገር ጥቂት ነው። የሚጎድለው አንድ ቃል ነው፤ እኔ ከመስኮቱ በስተጀርባ ቆሜ ቀኑን ሙሉ የምጠይቀውና የምጠየቀው ቃል፦ ስንት?

ከዘይቱ ልጀምር። ዕፅዋት ኮሌስትሮል የላቸውም ቢባል አልከራከርም፤ ያለው ከምንም አይቆጠርም። ነገር ግን በሰውነታችን ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል አብዛኛው ከወጡ የመጣ ሳይሆን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነው፤ ዋናው ሠሪም ጉበት ነው። ጉበት በተለምዶ «መጥፎ» የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤልን፣ ከደም ላይ የሚያነሳባቸው መቀበያዎች አሉት። የሚረጋ ቅባት ስናበዛ የእነዚህ መቀበያዎች ሥራ ይዳከማል፤ ያልተነሳውም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ዘይቱን መጠየቅ ያለብን «ኮሌስትሮል አለህ ወይ?» ብለን ሳይሆን «ከቅባትህ ስንቱ የሚረጋ ነው?» ብለን ነው። የጎንደር ማለዳ ለዚህ ምርመራ ይበቃል። በብርዱ ጠዋት ወጥ ቤት ገብታችሁ ሁለቱን ጀሪካኖች ተመልከቱ፤ የኑጉ እንደ ማታው ይፈሳል፤ የፓልሙ ነጭ ሆኖ ከግርጌው ተጋግሮ ይጠብቃችኋል። ከፓልም ዘይት ቅባት ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ነው። የኑግ ዘይት ደግሞ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው የማይረጋ ቅባት ነው። ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነጻ» ተብሎ የተጻፈው ውሸት አይደለም። ላምባም ከኮሌስትሮል ነጻ ነው።

ጸሐፊው ያላሰበው ሌላ ተክልም አለ፤ ቡና። በቡና ፍሬ ዘይት ውስጥ ካፌስቶልና ካህዌኦል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ሥራቸውም ኤልዲኤልን ከፍ ማድረግ ነው። በሰሜን ኖርዌይ በትሮምሶ ከተማ የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1983 ቡና በሚያበዙ ሰዎች ደም ውስጥ ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ እንዳገኘው አስታወቀ (ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ነገሩ ሲጣራ ጣጣው ያለው ከአፈላሉ ላይ ሆኖ ተገኘ። ዱቄቱ ከውሃው ጋር ፈልቶ ሳይጣራ ሲጠጣ ሁለቱም ወደ ስኒው ይወርዳሉ፤ በወረቀት ሲጣራ ግን አብዛኛው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የእኛ ቡና ጀበና ውስጥ ይንተከተካል እንጂ ወረቀት አያልፍም። ቡና ተዉ ማለቴ አይደለም፤ ይህን የምጽፈውም ቶናው ቀርቦልኝ ነው። ተክል መሆን ብቻውን ከኮሌስትሮል ጋር ወዳጅነትም ጠላትነትም እንዳልሆነ ለማሳየት ግን ከቡና የቀረበ ምስክር አላገኘሁም።

አሁን ወደ ስቴሮሉ። እዚህ ላይ ጸሐፊው የያዘው እውነት ትልቅ ነው፤ የተረዳው ግን ተገልብጦ ነው። የዕፅዋት ስቴሮል በመልኩ ከኮሌስትሮል ጋር መንታ ሊባል ምንም አይቀረው። በዚህም ምክንያት አንጀት ውስጥ ኮሌስትሮል ወደ ሰውነት የሚገባበትን መንገድ ይሻማዋል፤ ቦታ ያጣው ኮሌስትሮል ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። በቀን 2 ግራም የሚሆን ስቴሮል ያለማቋረጥ የወሰደ ሰው ኤልዲኤሉ ከ8 እስከ 10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ታይቷል። ጥሩ ነው። ግን ስንት ተልባ፣ ስንት ሰሊጥ ነው 2 ግራም የሚሆነው? ሰሊጥ በስቴሮል ከታወቁት ቅባት እህሎች ከፊተኞቹ ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ 400 ሚሊግራም ገደማ ይገኝበታል። ሁለት ግራም ለማግኘት ግማሽ ኪሎ ሰሊጥ በየቀኑ መብላት ሊኖርባችሁ ነው፤ ይህም ከ2,800 ካሎሪ በላይ ነው። የመተማ ገበሬ ደስ ይለው ይሆናል፤ ልባችሁ ግን አይደሰትም። በጥናቶቹ ላይ የተሰጠው ስቴሮል ተነጥሎ ወጥቶ እንደ ማርጋሪን ባሉ ምግቦች ላይ የተጨመረ ነበር። ይህም ሆኖ ስቴሮል ኤልዲኤልን ዝቅ እንደሚያደርግ እንጂ ድንገተኛ የልብ ሕመምን እንደሚቀንስ የታየበት ጥናት የለም።

ከሁሉ የሚገርመኝ «ደም ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ያጥባል» የተባለው ነው። ሰውነታችን የዕፅዋትን ስቴሮል ደም ውስጥ ማስገባት አይፈልግም። ሾልኮ የገባውንም በአንጀትና በጉበት ሕዋሳት ላይ ያሉ ፓምፖች መልሰው ወደ አንጀት ይተፉታል። እነዚህ ፓምፖች በዘር ተበላሽተው የሚወለዱ ጥቂት ሰዎች አሉ። በሽታቸው ሲቶስቴሮሌሚያ ይባላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸውም በ1974 ነው። በደማቸው ውስጥ የዕፅዋት ስቴሮል እንደ ልብ ይመላለሳል። እንደ ጽሑፉ አባባል ከሆነ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ የጸዳ የደም ሥር ያላቸው እነዚህ ሰዎች መሆን ነበረባቸው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ከእነርሱ መካከል ገና በወጣትነታቸው የልብ ደም ሥራቸው የሚደፈን አሉ። ስቴሮል ሥራውን የሚሠራው ደጅ ላይ ቆሞ ነው። ቤት ከገባ ይበላሻል።

ሳፖኒንን በተመለከተ ለሐበሻ አንባቢ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፤ እንዶድን የማያውቅ የለምና። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ሲያጥቡበት አረፋ የሚደፍቀው ያ ነገር ሳፖኒን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ በእንዶድ ምክንያት ነው፤ ቢልሃርዝያን በእንዶድ የመከላከሉ ሐሳብም ከዚያ ተነሣ። ሳፖኒን በቀጥታ ደም ውስጥ ቢገባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። «እንደ ሳሙና ያጥባል» የሚለውን ምሳሌ ጸሐፊው እስከ መጨረሻው ቢከተለው ኖሮ ራሱ ይደነግጥ ነበር። የአብሹ ሳፖኒን የማይጎዳን አብዛኛው ከአንጀት ስለማያልፍ ነው። አብሽ የሚጠቅመው ነገር ካለ እዚያው አንጀት ውስጥ ነው፤ ውሃ ሲነካው የሚዝለገለገው አሰሩም (ፋይበር የሚባለው) ድርሻ አለው።

አሰር ካልን አይቀር ጽሑፉ በአንድ መስመር እንኳ ያላነሣውን፣ እኔ ግን ብጠየቅ ከሁሉ የማስቀድመውን ላንሣ፤ ገብስ። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር አለው። ይህ አሰር አንጀት ውስጥ ወፍሮ ሐሞትን ይዞ ይወጣል። ሐሞት የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነውና፣ ጉበት የጎደለበትን ለመተካት ከደም ላይ ኮሌስትሮል ለማንሳት ይገደዳል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኤልዲኤልን ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ዝቅ ያደርጋል። እዚህ ላይ «ስንት?» ሲባል መልሱ አያሳፍርም፤ በ100 ግራም ገብስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ግራም ይገኛል። ከዳባትና ከደባርቅ የሚመጣው ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ ሲሆን፣ አንድ ደኅና ጭብጦ በሶ ወደዚያ መጠን ያደርሳል። ቅቤውን ካላበዛችሁበት። ባሕር ማዶ የታሸገ አጃ ፍለጋ የሚደክሙ የከተማችን ሰዎች ይህን ቢያውቁ ገንዘባቸው ይተርፍ ነበር።

ተልባም እንዲሁ የተናቀ ወርቅ ነው፤ ጸሐፊው ስለ ተልባ ሲጽፍ ብዕሩ ልክ ነበር። ከቅባቱ ግማሽ የሚበልጠው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚባለው የማይረጋ ቅባት ነው፤ የሚዝለገለግ አሰርና ሊግናን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችም አሉት። ኤልዲኤልን በመጠኑ ይቀንሳል፤ በ2013 በወጣ ጥናት ላይ በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ የበሉ፣ የእግር ደም ሥራቸው የጠበበ ሰዎች የደም ግፊታቸው ወርዷል። ጸሐፊው የተሳሳተው «አንድ እፍኝ ፍሬውን በውሃ ዋጡ» ሲል ነው። ያልተወቀጠ ተልባ ልጣጩ ጠንካራ ስለሆነ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ያሉት አበው ስለ ኮሌስትሮል ባያስቡም ሙቀጫውን አልረሱም። ቆልቶ መውቀጥ የእናቶቻችን ወግ ነው፤ ጸሐፊው ከእነርሱ ለምን እንደራቀ አልገባኝም።

የነጭ ሽንኩርቱ አዋጅም በዚሁ ዓይነት ራሱን በራሱ ይጠልፋል። የሚመሰገነው አሊሲን ነጭ ሽንኩርቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ አይቀመጥም። ሲጨፈለቅ አንድ ኢንዛይም አሊን ከሚባለው ንጥረ ነገር ይሠራዋል። ያ ኢንዛይም ሙቀትም የጨጓራ አሲድም ያበላሸዋል። «ሳያኝኩ በባዶ ሆድ መዋጥ» ማለት እንግዲህ አሊሲን እንዳይወጣ ማድረግ ነው። በትክክል ተጨፍልቆ ቢበላስ? በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2007 የወጣ ጥናት ኤልዲኤላቸው በመጠኑ ከፍ ያለ 192 ሰዎችን ለስድስት ወራት ተከታትሏል። አንዳንዶቹ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌሎቹ ሁለት ዓይነት የነጭ ሽንኩርት ክኒን፣ የቀሩት ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። በኤልዲኤል ላይ ልዩነት አልታየም። ሌሎች ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ትንሽ መቀነስ የሚያሳዩ አሉ፤ ይህን አልደብቅም። ግን የተደፈነ የደም ሥር በ21 ቀን ስለ መክፈት ያሳየ አንድም የለም። ለአልጫው ጣዕም ሲባል ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም።

ብዙ የምቆይበት ግን «ተፈጥሮ ጉዳት የለውም» በሚለው ላይ ነው፤ በእኔ መስኮት በኩል አደጋው የሚታየው በዚህ ነውና። ኮሶ ተፈጥሮ ነው፤ መጠኑን ሲያልፍ ዓይን እንደሚያጠፋ ግን አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ጸሐፊው «ኬሚካል» እያለ የሚያጣጥለው ስታቲን፣ ማለትም የኮሌስትሮሉ ክኒን፣ ደግሞ ከየት መጣ? ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ኮሌስትሮል የሚሠራውን ኢንዛይም የሚገታ ነገር ፍለጋ ስድስት ሺህ ያህል የሻጋታና የመሰል ዝርያዎችን ከመረመረ በኋላ በ1973 ያገኘው፣ ከኪዮቶ እህል ቤት በተወሰደ ሩዝ ላይ ከበቀለ ሻጋታ ነው። በ1987 በአሜሪካ የተፈቀደው ሎቫስታቲን የሚባለው ስታቲንም የሻጋታ ውጤት ነው። ከእህል ቤት ከወጡ ሁለት ነገሮች አንዱ «ተፈጥሮ» ሌላው «ኬሚካል» የሚባሉበትን ምክንያት ብፈልግ አጣሁት፤ አንዱ መጠኑ ተለክቶ በመምጣቱ ካልሆነ በቀር።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ዋርፋሪንስ? በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። ከዚያ ድርቆሽ ተነጥሎ የወጣው ንጥረ ነገር የዋርፋሪን አባት ነው። ዛሬ በጎንደር የልብ ቫልቭ የተቀየረላቸው ወጣቶች ዋርፋሪን ይወስዳሉ። እነዚህ ልጆች ኮሌስትሮል አልነካቸውም፤ የታመሙት በልጅነታቸው ቶንሲል አሟቸው ሳይታከሙ በመቅረታቸው በመጣ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ጽሑፉ «የልብ በሽታ» ሲል ሁሉንም በአንድ ከረጢት ጨምሯቸዋል። በአገራችን የልብ ክፍሎች የሩማቲክ ሕመምተኛው ብዙ ነው፤ ለእርሱ በየወሩ የሚወጋው ፔኒሲሊን እንጂ ተልባ ቫልቭ አይጠብቅለትም። ዋርፋሪን የሚወስድ ወጣት ይህን ጽሑፍ አንብቦ በየማለዳው ነጭ ሽንኩርት ማብዛት ቢጀምር ለደም መፍሰስ ይጋለጣል፤ ነጭ ሽንኩርት ራሱ የደም መርጋትን ያዘገያልና። ጎመን ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ቫይታሚን ኬ ስላለው የዋርፋሪንን ኃይል ይሰብራል። ጾም ሲገባ ጎመን በየገበታው ይበዛል፤ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የደም መርጋት ምርመራ ውጤታቸው የተዛባባቸው ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ምን የተለየ በላህ?» ስለው «ምንም፣ ጾም ነው እኮ!» ያለኝ ልጅ አለ። ጎመኑን ተው አላልኩትም፤ መጠኑን ሳታለዋውጥ ብላ አልኩት እንጂ።

ስለ አባቶቻችን ለማለት የምፈልገው አጭር ነው። ቅቤ ይበሉ ነበር፤ ግን በፍስክ። ጾሙን በሙሉ የሚጾም ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ቅቤ አይነካም፤ ጸሐፊው ራሱ ከላይ ጾምን አሞግሶ ከታች ቅቤን ማሞገሱ ሳይጋጭበት ቀርቷል። በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ኮሌስትሮላቸውን የለካው የለም፤ በምን እንደሞቱም የመዘገበ የለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲከፈት ጭንቀቱ ወባና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ነበሩ። የደም ሥር የሚጠበው በብዙ ዓመት ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ዕድሜ ሳይደርስ በሌላ ይሞት ነበር።

ክኒኑን ጣሉት ወደሚለው ልግባ። በስካንዲኔቪያ አገሮች የልብ ሕመም የደረሰባቸው 4,444 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ከስታቲኖች አንዱ የሆነውን ሲምቫስታቲን፣ ግማሾቹ ማስመሰያ ክኒን ለአምስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ወሰዱ። ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 256 ሰዎች፣ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት 182 ሰዎች ሞተው ነበር። መጠኑን እናወዳድር ካላችሁ፣ ኤልዲኤሉ 190 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነ ሰው በሶውን በደንብ ቢበላ ወደ 178 አካባቢ ይወርድለታል፤ ስታቲን እንደ ዓይነቱና እንደ መጠኑ ከ30 እስከ 50 በመቶና ከዚያም በላይ ያወርደዋል፤ ማለትም ወደ 133 ወይም ወደ 95።

ጸሐፊው ስለ ክኒኑ ጉዳት ያነሣው ሁሉ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። ስታቲን የአንዳንድ ሰዎችን ጡንቻ ያሳምማል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ምክር አትወስደውም፤ ዋጋውም ለብዙ ቤተሰብ ሸክም ነው። ደረቱን ሳያመው፣ ስኳርና ደም ግፊት ሳይኖርበት ኮሌስትሮሉ በጥቂቱ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው ከክኒን በፊት ገበታውን ማስተካከሉ ተገቢ ነው፤ ለዚህ ሰው የጸሐፊው ምክር ግማሹ ይጠቅመዋል። እኛ የጤና ባለሙያዎችም ጥፋት አለብን። ክኒኑን በወረቀት ጠቅልለን «ማታ ማታ አንድ» ብለን እንሸኛለን፤ ለምን እንደሚወሰድ አንናገርም። ሰው ያልተነገረውን ከስልኩ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

እኚያን እናት አስቀምጬ ይህንኑ፣ ከዚህ ባነሰ ቃል፣ ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ ቆዩና «ተልባውንስ?» አሉኝ።

«ይብሉት እማማ። ቆልተው፣ ወቅጠው።»

«ስንት ማንኪያ?»

«በሾርባ ማንኪያ ሦስት ይበቃል፤ በቀን። ክኒኑም እንደ ድሮው ማታ ማታ።»

ገንዘቡን ከመቀነታቸው ፈትተው ቆጠሩልኝ። ክኒኑን ዘንቢላቸው ውስጥ ከነጭ ሽንኩርቱ ሥር ከተቱትና ከወጡ በኋላ ከበሩ ተመለሱ። «ልጄ ግን እኔን አትሰማኝም፤ አንተው ጻፍላት» አሉኝ።

ይኸው ጻፍኩላት።